ሶሻል ዎርክ በማስተርስ፦ ፖሊሲ ወይስ ክሊኒካል?

አሜሪካ ውስጥ ሶሻል ዎርክ በማስተርስ የሚማር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ዓመት ላይ መንገዱን ይለያል። ክሊኒካሉ ለምክርና ለሥነ ልቦና ሕክምና ከሰው ፊት ያስቀምጣል፤ ሱስ፣ ሐዘን፣ የቤተሰብ ጠብ። የፖሊሲው ተማሪ ደግሞ እርዳታ ፈልጋ የመጣችው እናት ለምግብ ድጋፍ ስንት ቅጽ እንደምትሞላ፣ ገቢዋ በጥቂት ዶላር ከፍ ሲል ለምን ከዝርዝሩ እንደምትወጣ ይጠይቃል። ሕግ ያነባል፣ በጀት ይመረምራል፣ ለምክር ቤት አባል አጭር ማብራሪያ ይጽፋል።

ቢያንስ 900 ሰዓት የመስክ ልምምድ ለሁለቱም ግዴታ ነው። ልዩነቱ የሚጎላው ከምረቃ በኋላ ነው። የክሊኒካል ፈቃድ በባለሙያ ክትትል ሥር ረጅም ሥራና ፈተና ይጠይቃል፤ ዝርዝሩ በየግዛቱ ይለያያል። ፈቃዱን የያዘ ግን የራሱን ቢሮ ከፍቶ የደንበኞቹን ክፍያ ከጤና ኢንሹራንስ መቀበል ይችላል። ፖሊሲው እንዲህ የተነጠፈ መንገድ የለውም፤ ለአንዷ ወንበር ከሕግና ከፐብሊክ ፖሊሲ ምሩቃን ጋር መጋፋት አለ።

አገር ቤት ለመመለስ ለሚያስብ ሚዛኑ ወደ ፖሊሲ ያደላል ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2005 በኢትዮጵያ በተጀመረው ሴፍቲኔት (የምግብ እጥረት ላለባቸው ቤተሰቦች የሚሰጥ ድጋፍ) ማን ይታቀፍ፣ ማን ይመረቅ (አዎ፣ ከእርዳታ መውጣትም «ምረቃ» ይባላል) የሚለው ጥያቄ የፖሊሲ ሰው ሥራ ነው።

እዚያው አሜሪካ ለሚቀርና ለሚያመነታ ግን ክሊኒካሉን ይዞ የፖሊሲ ኮርሶችን መደረብ ይሻለዋል። አንዳንድ ግዛቶች ለፈቃዱ የክሊኒካል ኮርሶችን ስለሚጠይቁ፣ ከፖሊሲ ወደ ክሊኒካል መመለሱ ይከብዳል።