የሌለ 8 ፈረስ ጉልበት፦ የሻሲ ዳይናሞሜትር ከ8 ወር አጠቃቀም በኋላ

ምንም ያልተነካ ሞተር በአንድ ከሰዓት ውስጥ ከ200 ወደ 208 ፈረስ ጉልበት አያድግም። በዚህ ዳይኖ፣ ማለትም የመኪናው ጎማ ሮለር እያዞረ ጉልበቱ በሚለካበት ማሽን ላይ ግን ያድጋል። መኪናው ያው፣ ነዳጁ ያው፣ ማርሹ ያው፣ ታይሚንጉም (ሻማው የሚተኩስበት ጊዜ፣ በሞተሩ ዙር ዲግሪ የሚለካው) እንደነበረ ነው፤ አምስተኛው ሙከራ ላይ ግራፉ ከመጀመሪያው በላይ ወጥቶ ይገኛል። አስቀድሞ የሞቀ ሞተር ይበልጥ ሲግል ጉልበቱ ቢቀንስ እንጂ ብዙም አይጨምርምና ጥፋቱ የማሽኑ መሆን አለበት።

ነውም። የአየር ሙቀት የምትለካው ሴንሰር ከአተር ፍሬ የማትበልጥ ጥቁር ጠብታ ናት፤ መቆጣጠሪያው ሣጥን ውስጥ ቦርዱ ላይ ተበይዳለች። ሦስት ጣት እንኳ ሳይርቅ፣ ሮለሩን በማግኔት ለሚይዘው ብሬክ ኃይል የሚሰጠው ታይሪስተር (ኤሌክትሪክ የሚያበራና የሚያጠፋ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል) ከነአሉሚኒየም ማቀዝቀዣው ተቀምጧል። ብሬኩ በሠራ ቁጥር ታይሪስተሩ ይግላል፣ ሣጥኑ ይታፈናል፣ ጠብታዋም «አየሩ 45 ዲግሪ ነው» ትላለች። ሞተሩ የሚስበው አየር ግን 25 ዲግሪ ነው።

በተለያየ አየር የተለካ ጉልበት እንዲነጻጸር ሶፍትዌሩ ቁጥሩን ያርማል፤ የሚያርመውም የተነገረውን አምኖ ነው። ኤስኤኢ ጄ1349 የተባለው የመኪና መሐንዲሶች ማኅበር ማረሚያ መነሻው 25 ዲግሪ ሴልሺየስና 990 ሄክቶፓስካል ደረቅ አየር ነው። ሙቀቱ ላይ 273 ተደምሮ ለ298 ይካፈላል፤ የዚህ ስኩዌር ሩት፣ 990 ለደረቁ አየር ግፊት ተካፍሎ በሚገኘው ቁጥርና በ1.18 ይባዛል፤ በመጨረሻ 0.18 ይቀነሳል። ግፊቱ 990 ሆኖ ሙቀቱ 45 ተብሎ ሲገባ 1.039 ይወጣል። 200 ፈረስ ጉልበት 207.8 የሚሆነው በዚህ ነው።

ይህን እንደ ትንሽ ስሕተት ማየት አይቻልም። በትርፍ ጊዜው ሞተር የሚያስተካክል ሰው የሚያሳድደው ጭማሪ ከዚህ ብዙም አይበልጥም። ታይሚንጉን 2 ዲግሪ ያስቀድማል፣ ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ «ሠራ» ብሎ እዚያው ይተወዋል። ቁጥሩ የጨመረው ግን ሣጥኑ ስለጋለ ነው። ሞተሩ ደግሞ ከልክ በላይ ከቀደመው ታይሚንግ ጋር መንገድ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ የሚመጣው ማንኳኳት (ነዳጁ ሲሊንደር ውስጥ በራሱ ተቀጣጥሎ መፈንዳቱ)፣ ሲብስም የተበሳ ፒስተን ነው።

«ማረሚያው አውቶማቲክ ነው፣ አያስቡ» ይላል ሻጩ። አውቶማቲክ መሆኑ ነው ችግሩ! በእጅ የሚገባ ቢሆን ኖሮ ማንም ሰው ጥላ ውስጥ ቆሞ 45 ዲግሪ ብሎ አይጽፍም ነበር። «ልዩነቱ 4 በመቶ ብቻ ነው» ለሚለውም መልስ አለ፦ ዳይኖ የሚገዛው ያቺን 4 በመቶ ለማየት ነው።

ማስተካከያው ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ኃይሉ ተቋርጦ ጠብታዋ ከቦርዱ ትነቀላለች፤ በቦታዋ 3 ሜትር ያህል ሺልድ (የኤሌክትሪክ ረብሻ የሚከላከል ልባስ) ያለው ኬብል ይበየዳል፤ ጠብታዋ ጫፉ ላይ ሆና ከአየር ማጣሪያው መግቢያ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ፊት ለፊት፣ የራዲያተር ሙቀት የማያገኛት ቦታ ትታሰራለች። የኬብሉ ርዝመት ንባቡን አያዛባም፤ ሴንሰሯ በ25 ዲግሪ 10 ኪሎ ኦም ናት፣ በእያንዳንዱ ዲግሪ ወደ 400 ኦም ትለዋወጣለች፣ ሽቦው የሚጨምረው ከ1 ኦም በታች ነው። የሚያዛባው የብሬኩ ኬብል ነውና ሁለቱ አንድ ላይ አይታሰሩ፤ ሺልዱም ግራውንድ የሚደረገው በሣጥኑ በኩል ብቻ ነው። ሲያልቅ ጠብታዋን በላስቲክ ጠቅልሎ የተፈጨ በረዶ ያለበት ውኃ ውስጥ መንከር፤ 0 ካላነበበች ብየዳው ይታይ።

የግፊቱ ነገር ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው። በስልክ የአየር ትንበያ የሚታየው ግፊት ወደ ባሕር ጠለል ተሰልቶ የተስተካከለ ነው፤ ለዳይኖ የሚያስፈልገው ቦታው ላይ ያለው ትክክለኛ ግፊት ነው። 2000 ሜትር ከፍታ ላይ 795 ሄክቶፓስካል አካባቢ ይሆናል። ያኔ ማረሚያው 1.29 ገደማ ይደርሳል፤ ቀመሩ ግን የታሰበው ከ0.93 እስከ 1.07 ላለው ልዩነት ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር ላይማ ይብሳል፤ ቱርቦው የጎደለውን ግፊት ራሱ ስለሚሞላ ማረሚያው ለሁለተኛ ጊዜ ይጨምርለታል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ግን ግዢው አይቆጭም፤ ምክንያቱ ብሬኩ ነው። «ለትርፍ ጊዜ ሥራ ከባዱ ሮለር ብቻ ይበቃል» የሚሉ ሻጮች አሉ፤ አይበቃም። ሮለር ብቻ ያለው ዳይኖ በሙሉ ቤንዚን ከ5 እስከ 10 ሰከንድ የሚቆይ አንድ ሩጫ ነው የሚያሳየው። ኤዲ ከረንት ብሬክ (ይኸው የማግኔት ብሬክ) ያለው ዳይኖ ግን ሞተሩን በደቂቃ 3000 ዙር ላይ፣ ግማሽ ቤንዚን ተረግጦ፣ ጭነት እንዳለበት ያቆየዋል። መጀመሪያ ነዳጁ ይስተካከላል፤ ከዚያ ታይሚንጉ አንድ አንድ ዲግሪ እያስቀደሙ ቶርኩ (የማዞር ኃይሉ) ይታያል። ቶርኩ መጨመሩን ያቆመበት ቦታ ሲገኝ ከ1 እስከ 2 ዲግሪ ወደኋላ ይመለሳል፤ ከዚያ በፊት ካንኳኳ ግን ወዲያው ጭነቱን መልቀቅ። በየቦታው ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ይበቃል። መንገድ ላይ በሳምንት የማያልቀው፣ ትዕግሥት የሚጠይቀው ሥራ እዚህ በአንድ ቀን ያልቃል፤ ይህን ያየ ሰው ወደ ሮለር ብቻ አይመለስም።

ብሬኩ ሲግል አቅሙ ስለሚቀንስ ከከባድ ጭነት በኋላ ድንገት ማቆም አይገባም። የሚያቀዘቅዙት የራሱ ዲስኮች ክንፎች ናቸው፤ ያለ ጭነት ሁለት ደቂቃ ቀስ ብሎ ይዙር። ሎድ ሴሉ (የብሬኩን ኃይል የሚለካው ሴንሰር) በ1 ሜትር ክንድ ላይ 20 ኪሎ ሲሰቀል 196.2 ኒውተን ሜትር ማንበብ አለበት፤ ቀዝቅዞም ግሎም ይፈተን። የሞተሩ ዙርና የሮለሩ ፍጥነት ምጥጥን ቶርኩ ከፍ በሚልበት ቦታ ከተለወጠ ጎማው እየተንሸራተተ ነው። የጎማ ንፋስ ሁልጊዜ እኩል ይሁን፣ መኪናውን የሚይዘው ማሰሪያም ከመጠን በላይ አይጠበቅ። ጭሱ በቱቦ ወደ ውጭ ሳይወጣ ሞተር አይነሣ።

ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከመክፈሉ በፊት ሣጥኑን አስከፍቶ ጠብታዋ የት እንዳለች በዓይኑ ይይ። ሻጩ ለመክፈት ካመነታ አምስት ተከታታይ ሙከራ አስደርጎ ያልታረመውንና የታረመውን ቁጥር ጎን ለጎን ይጠይቅ፤ ያልታረመው እየወረደ የታረመው ከወጣ ጠብታዋ ታይሪስተሩ አጠገብ ሳትሆን አትቀርም።