ከአዲስ አበባ ገዝቼ ባሕር ዳር ያስመዘገብሁት ያገለገለ ያማሃ ኤጂ 100

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ጣናን ተከትሎ አንድ ጊዜ ወደ ዘጌ፣ ሌላ ጊዜ በወረታ በኩል ወደ ፎገራ ሜዳ ቀበሌዎች የሚያመላልሰኝ ስለሆነ፣ የክትባት ማቀዝቀዣ ሣጥን ከኋላ አስሬ ክረምት ከበጋ የምንቀሳቀስበት ሞተር ሳይክል ያስፈልገኝ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ያገለገለ ያማሃ ኤጂ 100 ከአዲስ አበባ ገዝቼ፣ የባለቤትነት ስሙን ወደ ራሴ አዛውሬ የአማራ ክልል ሰሌዳ አስለጠፍሁበት። ስለ ሞተሩም ሆነ ስለ ግዢውና ስለ ምዝገባው ሂደት ያየሁትን የምጽፈው አንድ ዓመት ተኩል ያህል ከነዳሁት በኋላ ነው።

ኤጂ 100ን የመረጥሁት በጭቃው ምክንያት ነው። የፎገራን መረሬ አፈር በሐምሌ የረገጠ ሰው እንደሚያውቀው፣ ያ ጭቃ ጎማና መከላከያ መካከል ገብቶ ሲጠቀጠቅ ጎማው መዞር እስኪያቅተው ይይዛል፤ ካቴናው ላይ ያረፈው ደግሞ ከአሸዋ ጋር ተደባልቆ ጥርሱን ይበላዋል። ኤጂ የሚለው ስያሜ ከእርሻ ሥራ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ካቴናው ሙሉ በሙሉ በሽፋን ውስጥ ይዞራል፤ መቆሚያውም በግራም በቀኝም በኩል ስላለ በተዳፋት መሬት ላይ ወደሚመቸው ጎን ማቆም ይቻላል። ከፊትና ከኋላ የዕቃ መጫኛ አለው። ሞተሩ 97 ሲሲ ባለ ሁለት ምት ነው፤ ቀላልነቱ ከጭቃ ውስጥ ብቻዬን ጎትቼ ለማውጣት ረድቶኛል።

ባሕር ዳር ውስጥ ፈልጌ ያገኘኋቸው ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ዋጋቸውም ከአቅሜ በላይ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ግን በ2011 ዓ.ም. ክረምት በከተማዋ በሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ላይ ገደብ ከተጣለ ወዲህ የሚሸጡት በዝተው ነበርና፣ ባሕር ዳር ከተጠየቅሁት ዋጋ በአንድ አምስተኛ ያህል ባነሰ ዋጋ አገኘሁ። ሆኖም የጭነት፣ የውል፣ የቴምብርና የምርመራ ወጪ ሲደመር ከዚያ ልዩነት የተረፈኝ ግማሹ እንኳ አይሆንም። ስለዚህ ርቆ ሄዶ መግዛት የሚያዋጣው የሚፈልጉት ዓይነት በአካባቢ ሲጠፋ እንጂ ለዋጋው ብቻ ተብሎ እንዳልሆነ ከልብ አምናለሁ።

መጀመሪያ ያሳየኝ ደላላ ያመጣው ሞተር በመልክ ያማረ ነበር። ሊብሬው (የባለቤትነት ደብተሩ) ላይ የተጻፈውን የሞተር ቁጥር ከብረቱ ላይ ካለው ጋር ሳመሳክር ግን አልገጠመም። የቀድሞው ባለቤት የውስጥ ሞተሩ (ኢንጂኑ) ሲበላሽ ከሌላ ሞተር ሳይክል አውጥቶ ገጥሞበት፣ ለውጡን ሳያስመዘግብ ቀርቷል። ደላላው «ይህ እኮ በአንድ ቀን ያልቃል» ቢለኝም፣ የተገጠመው ሞተር ከየት እንደመጣ የሚያስረዳ ደረሰኝ አልነበረም። እንዲህ ያለውን ሞተር የገዛ ሰው ከሌላ ክልል ሆኖ ሊያስተካክለው የማይችለውን ችግር ነው ተሸክሞ የሚመጣው፤ ምክንያቱም በሁለቱም ከተሞች የሚደረገው ምርመራ የሻንሲና የሞተር ቁጥርን ከፋይሉ ጋር በማመሳከር ይጀምራል።

ሁለተኛው አንድ የዕርዳታ ድርጅት በጨረታ ያስወገደው ሲሆን፣ ሻጩ በጨረታ ገዝተው በስማቸው አዛውረውታል። ኤጂ 100 በዕርዳታ ድርጅቶችና በግብርና ሥራ ላይ የዋለ ሞተር በመሆኑ፣ ብዙዎቹ ከቀረጥ ነፃ የገቡ ሊሆኑ ይችላሉ። ከቀረጥ ነፃ የገባ ተሽከርካሪ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ቀረጡ መከፈሉ መረጋገጥ አለበት። ሻጩ የጨረታውን አሸናፊነት ደብዳቤ፣ የጉምሩክ ክፍያውን ደረሰኝና ሊብሬውን አንድ ላይ ይዘው ስለቀረቡ ነው ልቤ ያረፈው። ሞተሩ ራሱ ከመጀመሪያው ያነሰ መልክ ነበረው፤ ቀለሙ ለቅቋል፣ ወንበሩ ተቀዷል።

ባለ ሁለት ምት ሞተር ሲገዛ በተለይ መታየት ያለበት የዘይት ፓምፑ ነው። ኤጂ 100 ዘይቱን ለብቻው ከተቀመጠበት ዕቃ እየሳበ ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቅልበት ፓምፕ አለው። ፓምፑ ሲደክም አንዳንዶች ነቅለውት ዘይቱን በእጅ ቤንዚን ውስጥ ይጨምራሉ፤ መጠኑ ሲሳሳትም ፒስተኑ ይቃጠላል። የኔው ፓምፕ ይሠራ ነበር። መካኒኩ ካንዴላውን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ፈትቶ ቀለሙን አየ፣ ቀዝቅዞ ሳለ በእግር አስነሥቶ ድምፁን አዳመጠ፣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ውስጥ የተጋገረውን ጥላሸትም አሳየኝ።

ውሉን የተዋዋልነው በውልና ማስረጃ ነው። ሻጩ ባለትዳር ስለነበሩ ባለቤታቸውም መጥተው ፈርመዋል። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 መሠረት ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ስለሚያስፈልግ፣ ከሩቅ ከተማ የሚሄድ ገዢ ይህንን አስቀድሞ በስልክ ካልጠየቀ አንድ ጉዞ በከንቱ ይባክንበታል። አዲስ አበባ ላለው ለአክስቴ ልጅ ከባሕር ዳር ሳልነሳ ውክልና ሰጥቼው ነበር፤ ይህ ውክልና ኋላ ላይ እንዴት እንዳዳነኝ እነግራችኋለሁ።

ሞተሩን ራሴ እየነዳሁ ልምጣ ብዬ አስቤ ነበር፤ መካኒኩ ከለከለኝ። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት ረጅም ነው። ባለ ሁለት ምት ሞተር ቁልቁለት ላይ ጋዝ ተዘግቶ በማርሽ ብቻ ሲያዝ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ስለሚመጣ፣ ቤንዚኑ ሲቀንስ ቅባቱም ይቀንሳል፤ ወዲያው ደግሞ ዳገቱ ያግለዋል። በዚያ ላይ ስሙ ገና አልተዛወረም። ስለዚህ ቤንዚኑን ከውስጡ አውጥቼ በአይሱዙ አስጫንሁት። ከአዲስ አበባ ከፍታ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ባሕር ዳር ሲወርድ አየሩ ስለሚወፍር የቤንዚንና የአየር ቅልቅሉ ይሳሳል፤ እዚህ ከደረሰ በኋላ ካንዴላው መንጣት ጀምሮ ነበርና ካርቡሬተሩን አስተካክለነዋል።

የምዝገባው ሂደት በዚያን ጊዜ በጥቅሉ ግልጽ ነበር። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 የሚመራው ሥርዓት ስለነበረ፣ ፋይሉ ከተመዘገበበት ቦታ ዕዳና እገዳ የሌለበት መሆኑ ተረጋግጦ ወደ አዲሱ ቦታ ይላክ ነበር፤ የቀድሞው አአ (የአዲስ አበባ) ሰሌዳ ተመልሶ በምትኩ ኮድ 2 አማ፣ ማለትም የአማራ ክልል የግል ተሽከርካሪ ሰሌዳ፣ ይሰጥ ነበር። የባለቤትነት ስም ሲዛወር 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ ይከፈል ነበር፤ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው የሦስተኛ ወገን መድንም ከዓመታዊ ምርመራው ጋር ይፈለግ ነበር። ምርመራውን ያካሄዱት ባለሙያ ትሑት ሰው ነበሩ፤ የሻንሲ ቁጥሩን በወረቀትና በእርሳስ እያሻሹ ሲያነሡ ከጎናቸው ሆኜ እንድመለከት ፈቀዱልኝ።

የተቸገርሁት በአንድ ፊደል ነው። ውሉን በኮምፒውተር የጻፈልን ሰው በሻንሲ ቁጥሩ ውስጥ ያለውን ዜሮ በላቲን ኦ ፊደል ተክቶት ኖሯል፤ እኔም ሳነብ አላየሁትም፣ ሻጩም አላዩትም። ባሕር ዳር ላይ የተነሣው ቁጥር ከውሉ ጋር አልመሳሰል ሲል ሂደቱ ቆመ። መርማሪው ማቆማቸው ትክክል ነበር፤ ቁጥሩ የሞተሩ ማንነት ነውና። ውሉን ለማረም ሁለቱም ወገኖች እንደገና ቀርበው መፈረም ነበረባቸው። የአክስቴ ልጅ በውክልናው ቀርቦ በስሜ ሲፈርም፣ ሻጩና ባለቤታቸውም አንድ ቃል ሳያጉረመርሙ ሥራቸውን ትተው መጥተዋል፤ ለዚህም ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ። ውክልናው ባይኖር የደርሶ መልስ የአውቶቡስ ትኬትና የሁለት ቀን ፈቃድ ያስፈልገኝ ነበር። ከግዢው ቀን አንሥቶ አዲሱ ሊብሬ እጄ እስኪገባ ሰባት ሳምንት ወስዷል፤ ሦስቱ ሳምንት በዚህች ፊደል የጠፉ ናቸው።

ስለ ሞተሩ አጠቃቀም የምለው አጭር ነው። በመረሬ ላይ የጠበቅሁትን ያህል ሠርቶልኛል፤ የዘጌ መንገድ ድንጋይም አልጎዳውም። የከበሮ ፍሬኑ ግን ውኃ ከነካው በኋላ ለጥቂት ጊዜ ይደክማል፤ በአስፋልት ላይ ሰው ጭኖ መንዳት ለሚፈልግም አልመክረውም፣ ፍጥነቱ አነስተኛ ሲሆን ጭሱም ከኋላ ላለው ይከብዳል። የሁለት ምት ዘይቱን እንደማንኛውም ዘይት ስለማላገኘው ሁልጊዜ አንድ ትርፍ ጠርሙስ ይዤ እዞራለሁ። የኋላ ጎማውንና ከመነዳሪውን አንድ ጊዜ፣ የፍሪሲዮን ገመዱን ሁለት ጊዜ ለውጫለሁ። ባለፈው ክረምት ከጉማራ ማዶ ለአባ ሰንጋ ክትባት ሁለት ሳምንት ሙሉ ስመላለስበት ከርሜ መስከረም ላይ የካቴናውን ሽፋን ከፍቼ ባየው፣ ውስጡ ያለው ቅባት እንደነበረ ነበር።