ከመነሳት በፊት መቆምን ለሚያስተምሩት ካፒቴን ምስጋና

ካፒቴን፣ እግዜር ይስጥልን። ስምዎን እዚህ አንጽፍም፤ በትንሽ አውሮፕላን በረራ ለመማር አስተማሪ የምትፈልጉ ግን በውስጥ መስመር ጠይቁን፣ እናገናኛችኋለን። ተማሪ አውሮፕላን ሲያስነሳ የት ላይ እንደሚሳሳት ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰው ናቸው።

ሥራቸው የሚጀምረው ሞተር ሳይነሳ ነው። የሴስና 172 (ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን) ወንበር በሐዲድ ላይ ይንሸራተታል። መቆለፊያው በደንብ ካልያዘ አውሮፕላኑ ሲፈተለክና አፍንጫው ቀና ሲል ወንበሩ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ተማሪው መሪውን እንደጨበጠ ስለሚሄድ አፍንጫውን ሽቅብ ይስበዋል፣ እግሩም ፔዳሉን ይለቃል። ስለዚህ ካፒቴን «ተቆልፏል» የሚል ቃል ብቻ አይበቃቸውም፤ ተማሪው ወንበሩን በዳሌው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፍቶ ማሳየት አለበት። ነዳጁንም በብርጭቆ አስቀድተው ወደ ብርሃን ያስይዛሉ። ውሃ ስለሚከብድ ከሰማያዊው ቤንዚን ስር ቀለም የሌላት ጠብታ ሆኖ ይቀመጣል። ብርጭቆው ሙሉ በሙሉ ውሃ ከሆነ ግን ምንም ድንበር አይታይም፤ ቀለሙንና ሽታውን ማረጋገጥ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል።

በ172ኤስ፣ ማለትም በአንዱ የሴስና 172 ዓይነት፣ ማግኔቶ (ለሞተሩ የእሳት ብልጭታ ከሚሰጡት ሁለት መሣሪያዎች እያንዳንዱ) የሚፈተሸው ሞተሩ በደቂቃ 1800 ዙር ሲዞር ነው። አንዱ ሲጠፋ ከ150 ዙር በላይ ከወረደ፣ ወይም የሁለቱ ልዩነት ከ50 ካለፈ፣ የዕለቱ በረራ ይቀራል።

መንደርደሪያው ላይ ትሮትል (የሞተሩን ኃይል የሚጨምርና የሚቀንስ መቆጣጠሪያ) ሲከፈት አፍንጫው ወደ ግራ ይሄዳል። ጀማሪ መሪውን ወደ ቀኝ ይጠመዝዛል፤ መሬት ላይ አቅጣጫ የሚይዘው ግን እግር ነው። ዘግይቶ የቀኙን ፔዳል በኃይል ሲረግጥ አውሮፕላኑ ወደ ሌላው ጎን ይወረወራል፣ እያረመ እያጠፋ ከመንደርደሪያው ይወጣል። ካፒቴን ትሮትሉን ቀስ ብሎ ማስከፈት፣ ዓይንን ከመንደርደሪያው ጫፍ አለማንሳት፣ ፔዳሉን ገና ሳይዞር በትንሽ በትንሹ መጫን ያስለምዳሉ።

ከሁሉ በላይ የምናመሰግናቸው ግን ስለ መቆም ነው። ተማሪው የመንደርደሪያውን እኩሌታ በምልክት ለይቶ ይናገራል፤ እዚያ ሲደርስ የመነሻ ፍጥነቱን 70 በመቶ ካላገኘ ትሮትል ይዘጋል፣ ፍሬን ይይዛል። በ55 ኖት (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው) ለሚነሳ ይህ 39 ኖት ገደማ ነው። ሙቀትና ከፍታ አየሩን ሲያሳሱት ይህ ልክ ሕይወት ያድናል። ያለ ፍጥነት በግድ የተሳበ አውሮፕላን መሬት አጠገብ በሚገኘው ተጨማሪ ድጋፍ ይንሳፈፋል፣ ከክንፉ ርዝመት በላይ ከፍ ሊል ሲሞክር ግን ይሰጥማል ወይም ክንፉ መሸከም ያቆማል። መድኃኒቱ አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ፍጥነት መሰብሰብ ነው።

ሞተር ገና በመውጣት ላይ ቢጠፋስ? መጀመሪያ አፍንጫ ወደ ታች፣ በ172ኤስ 70 ኖት (ፍላፕ፣ ማለትም ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋው ክፍል፣ ከተዘረጋ 65)፣ ከዚያ ፊት ለፊት ካለው ቦታ የተሻለውን መምረጥ። ወደ መንደርደሪያው ለመመለስ መዞር ይፈትናል፤ 45 ዲግሪ ማዘንበል ብቻውን ክንፉ መሸከም የሚያቆምበትን ፍጥነት 19 በመቶ ገደማ ያሳድጋል። ካፒቴን ይህን የሚያለማምዱት በቂ ከፍታ ላይ ወጥተው ነው፤ መሬት አጠገብ ትሮትል ዘግተው ተማሪን አያስደነግጡም። አስተማሪ ስትመርጡ ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ካፒቴን፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።