ባለ ማጣቀሻው ትልቅ ፊደል መጽሐፍ ቅዱስ፦ ለቤት ኅብረት ይሆናል?

ሐዋሳ፣ በሰፈራችን የቤት ኅብረት ቃል የማስጠናው እኔ ነኝ። አብዛኞቹ አባላት እናቶች ናቸው፤ መነጽር ያላቸውም የሌላቸውም አሉ። ስለዚህ የ1954ቱን ትርጉም በትልቅ ፊደል፣ ባለ ማጣቀሻና ባለ ዚፕ የሆነውን እትም አዋጥተን ገዛን። ዋጋው ከትንሹ እትም በጣም ይወደዳል።

ፊደሉ እንደተባለው ነው። መብራት ጠፍቶ በሻማ ስናጠና እንኳ፣ ድሮ «አንቺ አንብቢልኝ» ይሉኝ የነበሩት እማማ አሁን ራሳቸው ያነባሉ።

ይህን የምጽፈው ግን ስለ ማጣቀሻው፣ ከአንዱ ጥቅስ ወደ ተዛማጁ ስለሚመራው ማስታወሻ ነው። ማቴዎስ 4ን ስናጠና ጌታ ለፈታኙ ሦስት ጊዜ «ተብሎ ተጽፎአል» እያለ ሲመልስ፣ ማጣቀሻው ወደ ዘዳግም 8፥3፣ 6፥16 እና 6፥13 ወሰደን። ሦስቱም መልስ ከአንድ መጽሐፍ ነው! ቀጥሎ ዲያብሎስ የጠቀሰውን መዝሙር 91፥11 ገለጥን። መዝሙሩ «በመንገድህ ሁሉ» ይላል፤ ዲያብሎስ ግን ይህንን ትቶ ነው የጠቀሰው። ቤቱ ጸጥ አለ። ጥቅስ የሚጠቅስ ሁሉ ከእግዚአብሔር ነው ማለት እንዳልሆነ ከዚያ ምሽት በላይ ያስተማረን ስብከት የለም። ዛሬ አንድ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ «ጌታ ነገረኝ» ካለ፣ አሜን የሚለው ብዙ፣ መጽሐፉን የሚገልጠው ጥቂት ነው። የቤርያ ሰዎች እኮ ጳውሎስ የሰበካቸውን እንኳ ዕለት ዕለት መጻሕፍትን እየመረመሩ ነው የተቀበሉት (ሐዋ. 17፥11)። ለዚህም ነው ልበ ሰፊዎች የተባሉት። እኔ ራሴ ሳስጠና እናቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ማጣቀሻውን ሲከታተሉ ደስ ይለኛል፤ ከእኔ ቃል ይልቅ የተጻፈው ይበልጣልና።

ማጣቀሻው እውቀት ብቻ አይደለም የሚጨምረው። ያዕቆብ 5፥4 ላይ የተቀማው የአጫጆች ደመወዝ ይጮኻል። ከዚያ ወደ ዘሌዋውያን 19፥13 እና ዘዳግም 24፥15 ሄድን፤ የሠራተኛ ዋጋ አይደር፣ ፀሐይ ሳይገባ ይሰጠው ይላል። አንዲት እኅታችን የቤት ሠራተኛዋን ደመወዝ «ከሚቀጥለው ወር ጋር» እያለች ታቆይ ነበር። ማንም አልወቀሳትም፤ የሚያውቅም አልነበረም። በነጋታው ያለባትን ሁሉ ከፍላ፣ ልጅቷንም ይቅርታ እንደጠየቀቻት በሚቀጥለው ጥናት ራሷ መሰከረች። ለቃሉ ሥልጣን መገዛት እንዲህ ነው የሚታየው፤ ቃሉን ከፍ አድርጎ መሳም ብቻ አይበቃም።

ጉድለቱም ይነገር። ወረቀቱ ስስ ስለሆነ የጀርባው ጽሑፍ ያሳያል፤ በሃይላይተር ካሰመራችሁ ቀለሙ ወደ ኋላ ያልፋል፣ እርሳስ ይሻላል። ዚፑ በችኮላ ከተሳበ የገጹን ጫፍ ይይዛል። ክብደቱም ለእናቶች ከባድ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ ቢነበብ ይመረጣል። የማጣቀሻው ፊደል ራሱ ትንሽ መሆኑ ደግሞ ያሳዝናል፤ ለአረጋውያን ተብሎ በታተመ መጽሐፍ እሱም ሊተልቅ ይገባው ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። የኦርቶዶክስ ጎረቤት አብራችሁ ካጠናች የዳዊት ቁጥር አይገጥምም፤ የእኛ መዝሙር 91 በእሷ 90 ነው። ይሁዳ 14 ላይ የተጠቀሰውን መጽሐፈ ሔኖክንም በዚህ ባለ 66 መጻሕፍት እትም አታገኙትም፣ በእሷ ሰማንያ አሐዱ (ባለ 81 መጻሕፍቱ) ውስጥ ግን አለ። ቀድማችሁ ካወቃችሁት ክርክር አይነሳም።

ስልክ ላይ የሚነበበው መንገድ ላይ ጠቃሚ ነው፣ አልነቅፈውም። ጥናት ላይ ግን መልእክት እየገባ ልብ ይሰርቃል።

ለብቻው ለሚያነብ ወጣት ትንሹ ይበቃዋል። ለኅብረት፣ ለአረጋውያን ወላጆች፣ ለአዲስ ሙሽሮች ይሄኛውን ግዙ። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ዘፍጥረትንና ራእይን ገልጣችሁ የዳር ገጾቹ በደንብ መሰፋታቸውን፣ ዚፑም ዙሪያውን ሳይያዝ መዞሩን አረጋግጡ።