ምርጥ ምድጃ፦ ማገዶ ይቆጥባል፣ እርጥብ እንጨት ግን አይወድም

“ምርጥ” የእንጀራ ምድጃ 6 ቁራጭ ነው፤ 4ቱ ምጣዱን ይከባሉ፣ 2ቱ ከኋላ ጭስ የሚወጣባቸውና ድስት የሚጣድባቸው ናቸው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ይህ የሚሆነው ግን መጋጠሚያዎቹ በጭቃ ከተመረጉ ነው፤ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ነበልባሉ በዚያ ያመልጣል፣ የእንጀራው ዳርም ጥሬ ይቀራል። ሲገዙ ጠርዙን በቁልፍ ጫር ያድርጉት፤ አሸዋው ከረገፈ ሲሚንቶው አንሷል ወይም ውሃ ሳይጠጣ ደርቋል፣ ይተዉት። የምጣድዎን ስፋትም ለክተው ይሂዱ።

ባሕር ዛፍ በቀጭኑ ተፈልጦ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ በደንብ ይድረቅ። እርጥብ እንጨት ሙቀቱን ውሃውን በማትነን ይጨርሰዋል፤ ምጣዱ ይቀዘቅዛል፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም። አፉን በማገዶ አይጠቅጥቁት፣ አየር ያጣል። ቅሬታችን ክብደቱ ነው፤ ቤት በተቀየረ ቁጥር ለተከራይ መሸከሙ አበሳ ነው።