500 ሲደመር 300 ስንት ነው? ስለ ከዚራው የማታ ኮዲንግ

አቦ መጀመሪያ ለምን እንደገባሁ ልንገራችሁ። ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ትንሽ የጫማ ሱቅ አለችኝ። ዩቲዩብ እያየሁ በጃቫስክሪፕት፣ ድረ ገጽ በሚሠራበት የኮዲንግ ቋንቋ፣ የሒሳብ ገጽ ሠራሁና 500 እና 300 አስገብቼ ደምር ስለው 500300 ብር አለኝ። ሁለት ጫማ እኮ ነው! በዚህ ተናድጄ ከዚራ አንድ ማሠልጠኛ ተመዘገብኩ፣ ስሙ ይቆየን።

አስተማሪው ጎበዝ ነው። ጉዴን ስነግረው ሳቀና ቦርዱ ላይ 500ን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ጻፈው። ለካ ፎርም ላይ የሞላሁት ቁጥር ቢመስልም የሚመጣው ስትሪንግ ሆኖ ነው፣ ጽሑፍ ማለት ነው፤ የመደመር ምልክቱ ደግሞ ጽሑፍ ካገኘ ጎን ለጎን ይለጥፋል እንጂ አይደምርም። መጀመሪያ ወደ ናምበር፣ ወደ እውነተኛ ቁጥር፣ መቀየር ነበረብኝ። መቀነስ ላይ ግን ይሄ ጣጣ የለም፣ ራሱ ቀይሮ 200 ይላል። ምን ዓይነት ጸባይ ነው?

አንዲፋይንድና ናልንም በሱቄ አስረዳኝ። ዋጋ ገና ያልጻፍኩበት ጫማ አንዲፋይንድ ነው፤ አውቄ «ባዶ» ብዬ የመዘገብኩት ናል። ታይፕኦፍ በሚባለው የአንድን ነገር ዓይነት በሚናገር ትእዛዝ ናልን ስንጠይቅ «ናል» በማለት ፈንታ «ኦብጀክት» የሚል ሌላ ዓይነት ሲለን ክፍሉ ተንጫጫ። ቋንቋው እ.ኤ.አ. በ1995 ሲሠራ የገባ ስህተት ነው አሉ፣ ቢያርሙት በሱ ላይ የተሠሩ ድረ ገጾች ስለሚበላሹ ትተውታል። ቡሊያን እውነት ወይም ሐሰት ብቻ ነው፣ እሱ በአምስት ደቂቃ አለቀ።

አሁን ቅሬታዬ። ኮፒ አድርገው የሚሰጡን ወረቀት ያረጀ ነው፣ የጃቫስክሪፕት መሠረታዊ የዳታ ዓይነቶች (እነ ስትሪንግ፣ ናምበር፣ ቡሊያን) አምስት ናቸው ይላል። ሰባት ናቸው! እ.ኤ.አ. በ2015 ሲምቦል (የማይደገም መለያ)፣ በ2020 ደግሞ ለትልልቅ ቁጥሮች ቢግኢንት ተጨምረዋል። እንደገና ደግሞ 0.1 እና 0.2 ስደምር 0.30000000000000004 ያመጣብኝን ስጠይቅ «በሚቀጥለው» ተባልኩ፣ ሦስት ሳምንት ሆነው። ራሴ ፈልጌ ደረስኩበት፤ ኮምፒውተሩ በ0 እና 1 ብቻ ስለሚያስብ 0.1ን በትክክል መያዝ አይችልም፣ ስለዚህ አሁን የሱቄን ሒሳብ ነጥብ እንዳይኖረው በሳንቲም ነው የምይዘው።

ኮምፒውተር ለሁለት ሰው አንድ ነው። በዚያ ላይ የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ መብራት ሲሄድ ቬንቲሌተሩም አብሮ ይሄዳል። ላፕቶፕ ያላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ቻርጅ አድርጋችሁ። ለአስተማሪው ስል ከአምስት አራት ሰጥቻለሁ፣ ለወረቀቱ ቢሆን ሁለትም አይገባውም።