የመኪና ነጥብ ወይስ ጥሬ ገንዘብ?

ጄነራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1992 አሜሪካ ውስጥ ያወጣው ክሬዲት ካርድ (በዱቤ መግዣ ካርድ) ከግዢዎ 5 በመቶ ይመልስ ነበር። ያጓጓል! ግን በነጥብ መልክ ይያዛል እንጂ ገንዘቡ እጅዎ አይገባም፤ ነጥቡ የኩባንያውን አዲስ መኪና ሲገዙ ከዋጋው ይቀነሳል። ጣሪያም ነበረው፦ በዓመት 500 ዶላር።

አሁን 2 በመቶ በጥሬው ከሚመልስ ተራ ካርድ ጋር እናስተያየው። በዓመት 10,000 ዶላር ቢያወጡ ያኛው 500፣ ይሄኛው 200 ይሰጣል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። 25,000 ሲደርሱ ግን እኩል ናቸው፤ ያኛው 500 ላይ ቆሟላ።

200ዋ ደግሞ ያገለገለ መኪናም ትገዛለች፣ ጎማም ትቀይራለች። እኔ ለጥሬው አደላለሁ። (ዕዳውን በየወሩ ለማይዘጋ ሁለቱም አያዋጡም፤ ወለዱ ይበላቸዋል።) የመኪናውን ዓይነት አስቀድሞ ለቆረጠ ሰው ግን ነጥቡ ይሻላል። ብቻ መጀመሪያ ከሻጩ ጋር ዋጋ ይቁረጥ፤ ነጥቡን ከዚያ በኋላ ያንሳ።